የጋሼ እንድሪስ ደረጃ

ከመሳለሚያ ወደ እህል በረንዳ ስወርድ አንድ ኩሊ ሴት ተሸክሞ አየሁ። የታመመች መስሎኝ መንገድ ለቀቅሁለት። ሰውየው ግን የቀበሌያችንን ኅብረት ሱቅ ደረጃ ወጥቶ ባንኮኒው ሥር አወረዳት። ሻሿ ወልቋል፤ ቀሚሷ ተገልቧል። ከሰልፈኛው አንዱ፣ «ስንት ኪሎ ትመዝናለች?» ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔ ግን ቀረብ ስል ለየኋት።

አስያ ናት፤ ጆንያ ሰፊዋ። እግሮቿ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዟትም። በጎማ ፈንታ ኩሽኔታ በተገጠመለት ሳንቃ ላይ ተቀምጣ መሬቱን በእጇ እየገፋች መርካቶን ታዳርሳለች። ደረጃ ላይ ግን ሳንቃው ምን ያደርጋል?

ከሱቁ አጠገብ እሱን የሚተካ አዲስ ሱቅ እየተሠራ ነው። ግንበኞቹን የሚያዙት የሱቁ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሼ እንድሪስ ደግ ሰው ናቸው፤ ከያዙት ሐሳብ ግን አይላቀቁም።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? አዲሱም ደረጃ ሊኖረው ነው?»

«አልሐምዱሊላህ። ታዲያ በክረምት ጎርፉ ስኳሩን ይውሰደው?»

«ቤቱ ከፍ ይበል። አስያስ በምን ትወጣለች?»

«ኩንታል የሚያነሣ የመርካቶ ኩሊ አስያ ታቅተዋለች? እሷን መሸከም ሰደቃ ነው፤ ተሸካሚው ከአላህ ዘንድ አጅር አለው።»

«እሱ አጅር ሲያገኝ እሷ ምን ታገኛለች?»

«ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምራችሁ ሽማግሌ መሞገት ነው?»

«እሱንም ያስተምራል። ለመሆኑ እሷን ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

«ሰውን ስለ ጉድለቱ መጠየቅማ ነውር ነው፣ ልጄ!»

ይህ ጨዋነታችን ነው የሚያናድደኝ። ሰውን ላለማሳፈር አንጠይቅም፤ ስላልጠየቅን በሰው ፊት እንደ ዕቃ እናነሣዋለን።

አስያ ከደጃፉ የሚያወርዳት ስትጠብቅ ሰምታናለች። «ጋሼ፣ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ» አለች። «ባለፈው ወር ራሽኔን ያልወሰድሁት ለምን ይመስልዎታል?»

«ታማለች ተባልሁ።»

«አልታመምሁም። ዛሬ ከተሸከመኝ ሌላ አንድ ተሸካሚ አለ፤ ደረጃው ላይ ጭኔን ይዳብሳል። ብጮህ ይጥለኛል ብዬ ዝም አልሁ። ከዚያ ወዲያ ቀረሁ፤ እናቴም ስኳርና ዘይት ሳታይ ወሩ አለቀ። አዲሱም ደረጃ ካለው ራሽኑ ለዘለዓለም ይቅርብኝ።»

ጋሼ እንድሪስ ፊታቸው አመድ መሰለ። «አስተግፊሩላህ! እኔ እኮ... አቁሙ! ያን ድንጋይ አንሡ!» ብለው በግንበኞቹ ላይ ጮኹ። ዱላቸውን አንሥተው መሬት ላይ አጭር መስመር አሰመሩ። «በዚህ በኩል ተዳፋት እሠራልሻለሁ፤ በቃ።»

«ይሄማ ቁልቁል መወርወሪያ ነው!»

«ደግሞ ስለ ግንባታ ልትነግሪኝ ነው?»

«የምወድቀው እኔ ነኛ! መስመሩ ይርዘም፤ ጠርዙም ከፍ ይበል፣ ኩሽኔታው እንዳያመልጠኝ። ባንኮኒውም ዝቅ ይበል፤ ከሥር ሆኜ ስጣራ የሚሰማኝ የለም።»

«ይህን ሁሉ ታውቂ ነበር?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሽማግሌው ያሰመሩትን መስመር በእግራቸው አጠፉ። ወደ ግንበኞቹ ዞረው፣ «ዓይነ ስውሩን ሙነወርን ጥሩልኝ፤ ከጦር ግንባር ቆስሎ የተመለሰውን በሪሁንንም። ሳይናገሩ ድንጋይ አይነሣም» አሉ።

ተዳፋቱ ዛሬ የአስያ ብቻ አይደለም። እርጉዝ ሴት ሳትደክም ትወጣበታለች፤ ኩሊ ኩንታሉን በጋሪ ይገፋበታል፤ ሙነወር ጠርዙን በበትሩ እየነካ ያለ መሪ ይገባል። ለጥቂቶች ተብሎ የተሠራው ለሁሉም ተረፈ። ቀድሞ ባለጉዳዩን መጠየቅ አንድ ግንብ ከማፍረስ ያድናል።

ሱቁ በተከፈተ ዕለት ጋሼ እንድሪስ አስያን ልምድ ሆኖባቸው ሊደግፏት ጎንበስ አሉ።

«ጋሼ፣» አለቻቸው ሳንቃዋን እየገፋች፣ «የእርስዎ ተራ ከኋላዬ ነው።»

ከኋላዋ ተሰለፉ።