ኮሚቴው ስኪ ይመርጣል

(ኦስትሪያ ውስጥ፣ ተራራ ሥር ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የስኪ፣ ማለትም የበረዶ ላይ መንሸራተቻ፣ መሸጫ ሱቅ፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ አስራደ ስኪ ከተደረደረበት ግድግዳ ፊት ቆሞ፣ ለአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጁ ለፍሬገነት መግለጫ እየሰጠ ነው።)

አስራደ፦ የአስራደ ቤተሰብ ከፍተኛ የሸመታ ኮሚቴ ዛሬ ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ፣ ሮዝ ቀለም ያለውን ስኪ ከምርጫ ውጭ ማድረጉን በታላቅ ሐዘን ያስታውቃል።

ፍሬገነት፦ ኮሚቴው ስንት አባል አለው?

አስራደ፦ አንድ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ፍሬገነት፦ አባዬ፣ ቀለሙን ተወው። እኔ የምፈልገው ሰፊ ስኪ ነው። የምወርደው በተጠረገው መንገድ ሳይሆን ማንም ባልረገጠው በረዶ ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት በቀጭኑ ስኪዬ ሰጥሜ አሠልጣኙ በአካፋ ነው ያወጣኝ።

አስራደ፦ መንገድ እያለ ከመንገድ ውጭ መንዳት ምን ይባላል? እኔ ሥራዬ ላይ እንዲህ ባደርግ መንጃ ፈቃዴን ይቀሙኛል።

ፍሬገነት፦ ፍሪራይድ ይባላል።

አስራደ፦ እኛ ጋ ገደል መግባት ነው የሚባለው።

ፍሬገነት፦ የፊታችን ቅዳሜ አሠልጣኙ የቡድኑን ልጆች ይመርጣል። በቀጭኑ ከሄድኩ ቀረሁ ማለት ነው። ነገሩ ይኼው ነው።

አስራደ፦ ገባኝ። ፍሬኑስ?

ፍሬገነት፦ ፍሬን የለውም። ፍሬኑ እግሬ ነው።

አስራደ፦ ጎማ የሌለው፣ መሪ የሌለው፣ ፍሬን የሌለው ነገር ልገዛ ነዋ የመጣሁት። ቆንጆ። እንግዲያው ያንን ጥግ ላይ ያለውን አምጪልኝ።

ፍሬገነት፦ እሱማ በክንድ ይበልጠኛል።

አስራደ፦ እያደግሽ ትደርሺበታለሽ።

ፍሬገነት፦ ማደግ ጨርሻለሁ እኮ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የገዛህልኝ ጃኬት ልኬ የሆነው ዘንድሮ ነው።

አስራደ፦ ይኸው ደረሰ አይደል? ጃኬቱ የትም አልሄደም፤ የዘገየሽው አንቺ ነሽ።

ፍሬገነት፦ ለኔ ከአናቴ ትንሽ ከፍ ያለ ይበቃኛል። እግር ሥር ሰፋ፣ አፍንጫው ደግሞ ቀና ያለ፣ በረዶው ላይ እንዲንሳፈፍልኝ። በጣም ከረዘመ ዛፎቹ መሀል አይዞርልኝም።

አስራደ፦ ዛፍ አለ?

ፍሬገነት፦ ጥቂት።

አስራደ፦ ይህ መረጃ ለኮሚቴው ቀድሞ አልደረሰውም። ነይ፣ እንውጣ።

ፍሬገነት፦ ደግመን? ቅድም ወጥተን አይተነዋል እኮ። እዚህ አገር ገዢ ሲወጣ ሻጭ ከኋላ ሮጦ አይጠራም። በመስኮት ሳየው ሳንድዊቹን ይገምጥ ነበር።

አስራደ፦ አፉ ሞልቶበት ነው እንጂ ሊጠራን ነበር።

ፍሬገነት፦ ለመሆኑ ከየት ያውቅሃል? ስንገባ «ጉልበትዎ ተሻለዎት?» አለህ።

አስራደ፦ አውቶቡሴ ላይ ይሳፈራል።

ፍሬገነት፦ ጉልበትህን ምን ሆነህ ነው ታዲያ?

አስራደ፦ እድር ላይ ብዙ ተቀምጬ።

ፍሬገነት፦ እሱንም ልጠይቅህ ነበር። እዚህ ከተማ ያለነው ሐበሾች እኛና እነ ጋሽ ደምሰው ብቻ ነን። የሞተብን ሰው የለም። ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ስለምን ነው የምትሰበሰቡት?

አስራደ፦ እድር ሰው እስኪሞት አይጠብቅም። ቅድመ ዝግጅት አለው።

ፍሬገነት፦ ሱሪህ እስከ ወገቡ ርሶ ነው የምትመጣው።

አስራደ፦ ዝግጅቱ ከባድ ነው።

ፍሬገነት፦ ጋሽ ደምሰውን ስጠይቃቸው ደግሞ «የምን እድር?» አሉኝ።

አስራደ፦ ደምሰው ከአባልነት ታግዷል።

ፍሬገነት፦ እድሩ አንተ ብቻ ነህ ማለት ነዋ።

አስራደ፦ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ፍሬገነት፦ እውነቱን ልንገርህ? ስኪውን ልትገዛልኝ አልፈለግክም። ቀለም እያልክ፣ ፍሬን እያልክ ቅዳሜን ልታሳልፍብኝ ነው።

አስራደ፦ እኔ መቼ ከለከልኩ? እናትሽ ናት «ከቤተሰብ አንድ ሰው ተራራው ላይ ካልዋለ ፍሬ ሰፊ ስኪ ንክች አታደርግም» ያለችው።

ፍሬገነት፦ ያው ክልከላ ነው። እማዬ በረዶ ስታይ መጋረጃ ትዘጋለች። አንተ በረዶው እንዳይጥልህ ከቤት እስከ አውቶቡስህ አጥር ይዘህ ነው የምትሄደው። ማን ሊውልልኝ ነው?

አስራደ፦ አጥር ድሮ ቀረ።

ፍሬገነት፦ ባክህ። ሕፃናቱ መለማመጃ ላይ እየወደቀ እንደሚያነሡት ሰውዬ እንዳትሆን። ጓደኞቼ ሲስቁበት ነበር። ያን የሚያክል ሰው አምስት ዓመት ካልሞላቸው ልጆች ኋላ ተሰልፎ ይወርዳል አሉ፤ ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ዘጭ። በወደቀ ቁጥር አንዲት ሕፃን እጁን ይዛ ታስነሣዋለች።

አስራደ፦ ምኑ ያስቃል? ያቺ ልጅ ጨዋ ናት።

ፍሬገነት፦ አንተ በምን አወቅህ?

አስራደ፦ የወደቀ ሰው የምታነሣ ልጅ ጨዋ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው? ይልቅ ሮዙን አውርጂው።

ፍሬገነት፦ ሮዙ ከምርጫ ውጭ ነው አላልክም?

አስራደ፦ ውሳኔው ተሽሯል። ሰፊው እሱ ነው። ከአናትሽ ጣት ያህል ከፍ ይላል። ጫፉን ጫን በዪው፤ ደረቅ ያለ ነው። አንቺ ፈጣን ስለሆንሽ ልስልሱ ይንቀጠቀጥብሻል። ሮዝ ደግሞ ነጭ ላይ ከሩቅ ይለያል፤ ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ጥሩ ነው።

ፍሬገነት፦ ይኼን ሁሉ ማን ነገረህ?

አስራደ፦ እድሩ ላይ ተነሥቶ ነበር።

ፍሬገነት፦ ከታች ሆኖ የሚያየውስ ማን ነው? ቆይ፣ ሻጩ ከመጋዘን ምን ተሸክሞ ነው የሚመጣው? እነዚህ አጫጭር ስኪዎች እኮ የጀማሪ ናቸው። ጫማውን ደግሞ እየው፣ ጀልባ ነው የሚያክለው።

አስራደ፦ እዚህ እግሬ ሥር ያስቀምጠው።

ፍሬገነት፦ አባዬ፣ ይኼ ካንተ እግር እንኳ በሁለት ቁጥር ይበልጣል።

አስራደ፦ እያደግኩ እሞላዋለሁ።

ፍሬገነት፦ የማክሰኞው እድር... የረጠበው ሱሪ... ያ ሰውዬ...

አስራደ፦ ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፤ ቅዳሜ ከቤተሰብ አንድ ሰው ተራራው ላይ ይውላል። ከታች በኩል፣ ሕፃናቱ ጋ።

ፍሬገነት፦ መቼ ጀመርክ? ለምን አልነገርከኝም? እኔ አላስተምርህም ነበር?

አስራደ፦ ኮሚቴው በዚህ ጉዳይ ላይ ማብራሪያ አይሰጥም።