የወፏ ፎቶና የእኔ ለቅሶ

አዳማ ውስጥ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሙሽራ «ቀና በይ» ሲሏት ትሰማለች፤ የባቱ ሐይቅ ዳር ወፍ ግን ማንንም አትሰማም። ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላልሼ ያገኘሁት ብርሃን የበዛበት ወይም እጄ ተንቀጥቅጦ የደበዘዘ ነጭ ነገር ነው። መረብ የሚጠግኑት ኦቦ ገመቹ ታዝበውኝ ኖሮ፣ «ቆመህማ ማን ይጠጋሃል? ተኛ» አሉኝ። ጭቃው ላይ በደረቴ ተኛሁ። ላባዋ እንዳይነጣብኝ የካሜራዬን ብርሃን ቀነስኩ፣ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ያዝኩ። አንዲት ነጭ ወፍ በቀጫጭን እግሮቿ እየተራመደች መጣች፤ ዓይኗ ሳይቀር ጥርት ብሎ ታየኝ።

ቁልፉን ልጫን ስል ከኋላዬ «ወይኔ ልጄን፣ ሐይቁ በላው» የሚል ለቅሶ ቀለጠ። ሁለት ሰዎች እግሬን ጎትተው ገለበጡኝ፤ ወፏም በረረች። «ኧረ አልሞትኩም» አልኩ። አልቃሿ ዓሣ ሻጯ አዴ ጫልቱ ናቸው፤ ራቅ ብለው ቆመው ነጠላቸውን እንኳ ለሐዘን አዘቅዝቀው ጨርሰዋል። «ካልሞትክ ታዲያ ለምን ታስለቅሰኛለህ?» ብለው ተቆጡኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ካሜራዬን ሳይ፣ ሲገለብጡኝ ጣቴ ተጭኖ ኖሯል። ለነጭ ላባ ያስተካከልኩት ብርሃን ለአዴ ጫልቱ ነጭ ነጠላ ልክ መጥቶ፣ እንባቸው ሳይቀር ይቆጠራል። አሁን ባቱ በሄድኩ ቁጥር፣ «ፎቶዬን ሳታመጣልኝ እንዳትሞት» ይሉኛል።