በፀጉር ቤቱ ድምፅ ማጉያ ስለወጣው የማዳመጥ ፈተና

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ተይዟል
ዕድሜ፦ 23
ሥራ፦ በቋንቋ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ባለሙያ (በሙከራ ላይ)
አድራሻ፦ ከማሠልጠኛው ጀርባ፣ ከእናቱ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሰኔ 14 ቀን፣ ከጠዋቱ 4፡20

የማውቀውን ልናገር ስመጣ ዛሬ ጠዋት ብቻ ይህ ሦስተኛዬ ነው፤ ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ «አለቃው ሲመጣ ተመለስ» ተብዬ ተመልሻለሁ።

ከተመረቅሁ ዓመት አልሞላኝም። ሥራውን ያስገኙልኝ፣ ፈተና አሾልከዋል ተብለው እዚህ የታሰሩት አስተማሪ፣ ጋሼ ናቸው። ሰኔ 9 ቀን ከቀኑ 9፡30 ላይ ለማግሥቱ ፈተና ገመድ አልባውን ማጉያ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዳገናኝ አዘዙኝ። ኮምፒውተሩን እንዲፈጥን ብዬ በጽሑፍ ትእዛዝ ብቻ የሚሠራ አድርጌው ነበር። ጋሼ «አንተ ልጅ፣ እንደ ሰው በማውዝ ነክተህ ብትጨርሰው ምናለ?» ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

በአቅራቢያው ያሉትን መሣሪያዎች እንዲፈልግ ስጽፍለት ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ማጉያዎች ወጡ። የሚለዩት በመለያ ቁጥር ነው፤ የእኛም ቁጥር ከማጉያው ሥር ተለጥፏል። ገልብጬ ማየት ሲገባኝ ቸኩዬ መጀመሪያ የመጣውን አጣመርኩ። ስክሪኑ ተገናኝቷል አለ። ቀረጻውን ስከፍት ክፍሉ ጭጭ አለ። ባትሪ ጨርሶ ነው ብዬ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ፣ ማጉያውን ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ ቀረጻውን ሳላቆም ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ቀረጻው ከነጥያቄዎቹ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ቁጥሩ የእኛ አለመሆኑን አይቼ አስተካከልኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ሰኔ 11 ቀን አምስት ተፈታኞች ሙሉ ነጥብ አምጥተው ጋሼ ተያዙ። አምስቱ ሰኔ 9 ቀን ከግድግዳው ወዲያ ባለው ፀጉር ቤት ወረፋ ይዘው ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩም የጋሼ ሚስት ወንድም በመሆኑ እሳቸው ተጠረጠሩ። ማታውን ስጠይቀው «ማጉያዬ በባዕድ ቋንቋ ሲለፈልፍ ሬዲዮ የጠለፈ መስሎኝ ላጠፋው ስል፣ ደንበኞቼ እጄን ያዙኝ እኮ!» አለኝ።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ቋሚ ልሆን አሥራ አንድ ቀን ቀርቶኝ ነበር፤ እናቴም ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች። ጋሼ ሲወሰዱ እኔን ሳይጠረጥሩ «በርታ» አሉኝ።

የጻፍኳቸው ትእዛዞች ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ፤ የተጣመረው ቁጥር ከፀጉር ቤቱ ማጉያ ጋር ይመሳከር። መርማሪው ይህ ከሰፈረ ሥራህ ይቀራል ብለውኛል። ይስፈር። ጋሼ ሲፈቱ ግን ሌላ ክፍል እንድቆይ ይፈቀድልኝ፤ ፊታቸውን ለማየት ገና አቅም የለኝም።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት የሰጠሁት እውነት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ________
የመርማሪው ፊርማ ________