ከካሜራው ጀርባ

(ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ፤ ቅዳሜ ረፋድ። ታክሲ ነጂውና ተዋናዩ አሰግድ ከሚስቱ ከብዙወርቅ ጋር በጠባቧ ሳሎናቸው።)

አሰግድ፦ ስልኩን አምጪው ብያለሁ! ሥራ የሚያፈላልግልኝ ኤጀንቴ ሲደውል አንቺን ማን አንሺ አለሽ?

ብዙወርቅ፦ አንተ ሻወር ቤት ስትዘፍን ዝም ብሎ ይጩህ? መጀመሪያ ቁጭ በል።

አሰግድ፦ ቁጭ በል የሚባለው ለመርዶ ነው። ለአዲሱ ድራማ አልመረጡኝም በያ!

ብዙወርቅ፦ አሴ...

አሰግድ፦ ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ። ሃያ ዓመት የአውስትራሊያን ቴሌቪዥን አገልግያለሁ። በሆስፒታሉ ድራማ ሬሳ ሆንኩ፤ ያውም እንቅልፍ ወስዶኝ ሳንኮራፋ ቀረጻው ሦስት ጊዜ ተደገመ።

ብዙወርቅ፦ ሦስተኛው ላይ ግን ጥሩ አድርገህ ሞተሃል።

አሰግድ፦ በዋናተኞቹ ድራማ ደግሞ ባሕር ውስጥ ሰጠምኩ። የታየው እጄ ብቻ! አዲስ አበባ መድረክ ላይ ንጉሥ ሆኜ አዋጅ ያስነገርኩ ሰው!

ብዙወርቅ፦ እናቴ እኮ ቪዲዮውን ስልክላት በቀለበትህ አወቀችህ። እልል ነው ያለችው።

አሰግድ፦ አማቿ ሲሰጥም እልል የማትል አማት የት አለች! የዚህ አገር ተዋናይ ስሙ ሲገን ሆሊውድ ይሄዳል፤ እኔ ኤርፖርት አደርሰዋለሁ። ባለፈው የፖሊሱን ድራማ መሪ ተዋናይ ጭኜ፣ «ሌባውን ስታሳድድ የገፈተርከው ሰውዬ እኔ ነኝ» ስለው፣ ከልቡ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ብዙወርቅ፦ አሁን የምነግርህን ትሰማለህ?

አሰግድ፦ ንገሪኝ። «ላም አለኝ በሰማይ» ሲል የኖረን ሰው ምን ያስደነግጠዋል?

ብዙወርቅ፦ ልጁ የጠፋበትን አባት ሆነህ የሙከራውን ቪዲዮ ስንቀርጽ፣ እኔ ስልኩን ይዤ የእናትየዋን ቃል አላነበብኩልህም?

አሰግድ፦ አንብበሻል። ትንሽ ጮኽሽ እንጂ።

ብዙወርቅ፦ እሱን ነው የወደዱት።

አሰግድ፦ ምኑን?

ብዙወርቅ፦ ጩኸቴን። «ሰውየውን ተዉትና፣ ከጀርባ ያለችው ሴትዮ ማን ናት?» አሉ። እናትየዋን ሁኚ አሉኝ፣ አሴ። ስድስት ክፍል ነው።

አሰግድ፦ አንቺን? ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ባልየውስ? ለማን ዳሩሽ?

ብዙወርቅ፦ ለማንም። ሞቷል ብለው ድርሰቱን ቀየሩት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ያንተን ላኩልን ብለዋል።

አሰግድ፦ ድሮ ሬሳዬን በአካል ይጠሩት ነበር፤ አሁን እሱንም በፎቶ!

ብዙወርቅ፦ ሳቅህ እንባ እንባ ይላል። እምቢ እላቸዋለሁ። ሰኞ እንደ ወትሮዬ አረጋውያን መንከባከቢያው ቤት ሥራዬ እገባለሁ። ይሄ ያንተ ሕልም ነው፣ የኔ አይደለም።

አሰግድ፦ እውነት አትፈልጊውም? እኔን እያየሽ መልሺ።

ብዙወርቅ፦ «ልጄን አምጡልኝ» ስል ስልኩን መያዜን ረስቼ ልጥለው ነበር። ደስ አለኝ፣ አሴ። ይቅር በለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

አሰግድ፦ እኔም ሰምቼሻለሁ። ያን ቀን ቃሌ የጠፋኝ የጎረቤት ውሻ ረብሾኝ ነው ያልኩሽ ውሸት ነው። አንቺ ስትጮኺ የክንዴ ፀጉር ቆሞ ነው።

ብዙወርቅ፦ እና ምን ልበላቸው?

አሰግድ፦ እሺ በያቸው። ፎቶውን ፀጉር ከነበረኝ ዘመን እንመርጣለን። አሁን ተነሺና መስኮቱ ጋ ቁሚ፣ እንለማመድ። ስታለቅሺ ፊትሽን አትሸፍኚ፤ እኔ ያንን ሳላውቅ ነው ያረጀሁት።