በሰልስት ቀን ለቅሶ ቤት ስለገባው የስልክ መልእክት

የምስክር ቃል
ቀን፦ ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት
ቦታ፦ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ፖሊስ ጣቢያ
የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ትሩፋት ቦጋለ
ዕድሜ፦ 57
አድራሻ፦ ለቡ መብራት ኃይል
የጋብቻ ሁኔታ፦ ባሏ በሞት የተለያት
የትምህርት ደረጃ፦ ትምህርት ቤት ያልገባች፤ ማንበብና መጻፍ በራሷ የተማረች
ሥራ፦ በድንኳን አከራይ ድርጅት ዕቃ ሰጪና ተቀባይ
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ዮዳሄ እንግዳ

መጥሪያ አልደረሰኝም፤ በራሴ ፈቃድ መጥቻለሁ። ለምን እንደመጣሁ ተጠይቄ፣ ቦና ሞልቱ ያልጻፈውን መልእክት ጽፌያለሁ ብሎ ቃል ሊሰጥ በመሆኑ ነው ብያለሁ። ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል በሌላ ጊዜ አይቻለሁ፤ ያ ከዚህ ጉዳይ ጋር ስለማይገናኝ አልዘረዝረውም።

አቶ እስጢፋኖስ የተባሉት አሠሪዬ በለቡ መብራት ኃይል ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሰሃን ያከራያሉ። ቦና የድርጅቱ ሾፌር ሲሆን ድንኳኑን የሚተክለውም እሱ ነው። በቤቱ የቆየ ልማድ አለ። ለሰርግ የሚወጣ ዕቃ የመመለሻ ቀኑ ተነግሮ ይወጣል። ለለቅሶ የወጣ ዕቃ ግን አይጠየቅም፤ ዕድሩ ወይም ቤተሰቡ አንሱልን ሲል ይነሳል። ድንኳኑን የተከለው ሰው በሰልስቱ ተመልሶ ይሄድና እንደ ማንኛውም ጎረቤት ለቅሶ ይደርሳል።

መስከረም ላይ አቶ እስጢፋኖስ የዕቃውን መውጫና መግቢያ በኮምፒውተር ለማድረግ ፈልገው ሚካል የተባለች የሶፍትዌር ባለሙያ አስጠርተው ነበር። ልጅቷ ወዲያው ሥራ አልጀመረችም። መጋዘን ውስጥ ወንበር ስባ እየተቀመጠች እኔና ቦና ስንሠራ ስታይ ሰነበተች። ከጠየቀችኝ ነገር አንዱ የለቅሶ ዕቃ መቼ ይመለሳል የሚል ነበር። አይጠየቅም አልኳት። ለድርጅቱ ብቻ የሚሆን ፕሮግራም እንደምትሠራ፣ ለቅሶ ለብቻው እንደሚመዘገብ፣ የመመለሻ ቀን እንደማይኖረውና ወደ ሐዘንተኛው ስልክ ምንም እንደማይላክ፣ ጉዳይ ካለም ለዕድሩ ዳኛ እንደሚደወል አስረዳች። አቶ እስጢፋኖስ ሳቁባት። «ድስት ለማከራየት መንኮራኩር ልትሠሪልኝ ነው? ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፤ ትልልቅ ሆቴሎች ሁሉ የሚጠቀሙበት» አሏት። እሷም «ጋሼ፣ ሆቴል ለቅሶ አይቀመጥም» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። የተናገረችውን በቁም ነገር የያዘው አልነበረም።

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ፕሮግራም ኅዳር 1 ቀን ሥራ ጀመረ። ክፉ ነው አልልም፤ ዕቃ መቁጠሩን አቅልሎልናል። ነገር ግን ሰርግንም ልደትንም ለቅሶንም የሚያውቀው «ዝግጅት» በሚል አንድ ስም ነው። ሊገጥም የመጣውን ባለሙያ ለቅሶ የት እንደሚሞላ ብጠይቀው «ያው ዝግጅት ነው፣ እናቴ» አለኝ። የደንበኛው ስልክና የአስረካቢው ሠራተኛ ስም ካልተሞላ ዕቃ አያስወጣም። ዕቃው በወጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በአስረካቢው ስም መልእክት እንደሚልክ ያን ጊዜ አልተነገረንም።

ቅዳሜ ኅዳር 6 ቀን የአቶ ኢያቄም እናት ዐርፈው ቦና እዚያው ለቡ በሚገኘው ቤታቸው ድንኳን ተከለ። በፕሮግራሙ የተመዘገበ የመጀመሪያው ለቅሶ ይህ ነው። ሰኞ ኅዳር 8 ቀን፣ በሰልስቱ፣ እኔና ቦና ለቅሶ ለመድረስ አብረን ሄድን። እሱ በወንዶቹ በኩል፣ እኔ በሴቶቹ በኩል ተቀመጥን። የአቶ ኢያቄም አባት ታመው ውስጥ ክፍል ተኝተው ነበር። ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ገደማ የአቶ ኢያቄም ስልክ ጮኸ። ተመለከተውና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ውድ ደንበኛችን፣ ዝግጅትዎ እንዳማረ ተስፋ እናደርጋለን። ለቀጣዩ ዝግጅትዎም ከጎንዎ ነን። ቦና» ይላል።

አጠገቤ የነበሩ አሮጊት «በስመ አብ! ምን ዓይነት ሟርት ነው?» አሉ። አቶ ኢያቄም ቦና ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ቦና ድንኳኑ የላላ መስሎት ከመቀመጫው ተነሳ። «አቤት፣ እኔ ነኝ። ገመዱ ነው?» አለ። አቶ ኢያቄም «የአባቴን ቀን ነው የምትቆጥረው?» ብሎ የብረት ወንበር አንስቶ ሰነዘረበት። ቦና በግራ እጁ ሲከላከል እጁ ተሰበረ። ቦና አልተሳደበም፣ እጁንም አላነሳም። ፖሊስ ደርሶ አቶ ኢያቄምን ይዞ ሄደ፤ የቦናንም ስልክ ለማስረጃነት ወሰደ።

በማግስቱ አቶ እስጢፋኖስ መጋዘን መጥተው አነጋገሩኝ። «ትሩፊ፣ አንቺ አትግቢበት። ቦና ተሳስቼ ጻፍኩት ይበል፤ እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ያልቃል። ድርጅቱ ላከው ከተባለ ከእንግዲህ የትኛው ዕድር ይደውልልናል?» አሉ። ማሳከሚያውን እንደሚችሉለትም ነገሩኝ። ሆስፒታል ሄጄ ቦናን ጠየቅሁት። መስማማቱን አልደበቀኝም። «እትዬ፣ ተዪው። እጄ ይዳን እንጂ መኪና አላጣም» አለኝ። እኔም ሟርተኛ የተባለን ሰው ማን ደጁ ያስደርሰዋል፣ ነገ ጎረቤትህ ሲሞት የት ልትቀመጥ ነው አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

መልእክቱን ቦና እንዳልጻፈው በምን አወቅሽ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። እሁድ ኅዳር 7 ቀን ቦና ብስራተ ገብርኤል ለሚኖሩት ለወ/ሮ ዙሌካ የልጃቸውን ሰርግ ድንኳን ተክሎ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ያው መልእክት፣ ቃሉ ሳይለወጥ፣ በቦና ስም ደርሷቸዋል። ዕቃ ሊመልሱ ሲመጡ እየሳቁ አሳዩኝ። «ቀጣዩ የማን ሰርግ ነው? ይሄ ቦና የምትሉት እኔን ሊድረኝ አስቧል መሰለኝ» አሉ። መልእክቱ በደረሳቸው ሰዓት ቦና ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ስልኩም በዚህ ጣቢያ ተይዞ ነበር። ወ/ሮ ዙሌካ ቢጠሩ ቀርበው ስልካቸውን እንደሚያሳዩ ነግረውኛል።

ይህን ካየሁ በኋላ ለሚካል ደውዬ ነገሩን ጠየቅኋት፤ ፕሮግራሙ በራሱ እንደሚልክ አስረዳችኝ። እሷ የሠራችው ቢሆን ኖሮ እኔ እንደደወልኩ እንደምታስቆመው ተናገረች። አቶ እስጢፋኖስም በእኔ ጉትጎታ ለሻጩ ደውለዋል። ሻጩ መልእክቱ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ነው፣ ለአንድ ድርጅት ተብሎ አይለወጥም ብሏቸዋል። አሠሪዬ ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አያነጋግሩኝም። ይህን ቃል መስጠቴን ሲሰሙ ሥራዬን ላጣ እንደምችል አውቃለሁ።

ሌላ የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ። ትናንት ነፋስ ስልክ የሚኖሩት የወ/ሮ ጤናዬ ባለቤት ዐርፈው ድንኳን ወጥቶላቸዋል። ቦና ስለሌለ በአስረካቢነት የተሞላው የእኔ ስም ነው። መልእክቱ ነገ ጠዋት በሰልስቱ ይገባል። ከዚህ እንደወጣሁ እዚያ ቤት ሄጄ፣ ነገ በስሜ የሚደርሳቸውን ዛሬ በአፌ እነግራቸዋለሁ። የሚሉኝን እሰማለሁ። ስለዚህ ጽሕፈቱ ቶሎ እንዲያልቅልኝ ጠይቄያለሁ።

ቃሌን ማንም ሳያነብልኝ ራሴ አንብቤዋለሁ። «ፕሮግራሙ ተበላሽቶ» ተብሎ የተጻፈው «ፕሮግራሙ እንደተሠራው ሠርቶ የላከው መልእክት ነው» ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሞልኛል። በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ተናግሬያለሁ፤ ፍርድ ቤት ብጠራም ቃሌ ይኸው ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ትሩፋት ቦጋለ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን ዮዳሄ እንግዳ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡20