በእሑድ የታየ ቤት

ሠላሳ ዓመት ልጆች አስተምሬ ጡረታ ስወጣ፣ ከእንግዲህ አፌን ዘግቼ እኖራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። አልሆነልኝም። ማስተማር የለመደ ሰው ዝም በል ሲሉት ይታመማል፤ እኔም ስለ ሰው ቤት፣ ስለ ሰው ልጅ፣ ስለ ሰው ጥርስ ሳይቀር ሳልመክር የዋልኩበት ቀን የለም። ስለዚህ አምና አንድ ረቡዕ አውቶቡስ ስጠብቅ ያጋጠመኝን ባወጋችሁ፣ «ሥራ ፈት ሽማግሌ በማያገባው ገባ» እንዳትሉኝ። ያገባኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታዩታላችሁ።

ጎደሬዬን ገዝቼ በፌርማታው ጥላ ሥር ቆሜ ሳለ ጋሽ ሴሚሲ መጡ። ጋሽ ሴሚሲ እንደ እኔ ቶንጋዊ፣ የሃአፓይ ደሴት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ አራት ነው። ባለቤታቸው ሲያርፉ ልጃቸው ኦፌኢና ከቶንጋ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ሚልዱራ ከተማ አስመጣቻቸውና በወይን ለቃሚዎች መካከል ሦስት ዓመት ኖሩ። አሁን ደግሞ እሷ እዚህ ብሪዝበን በነርስነት ስለተቀጠረች ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ መጥቶ፣ ለጊዜው የዘመድ ሳሎን ውስጥ ተደራርቦ ያድራል። የዚያን ቀን ሽማግሌው በወገባቸው የወግ ሰሌን ታጥቀዋል፤ በብብታቸው ደግሞ ሌላ ትልቅ ጥቅል ሰሌን ይዘዋል። በሥራ ቀን እንዲህ የለበሰ ሰው ወይ ቀብር አለበት ወይ ሠርግ።

«ማን ሞተ ጋሽ ሴሚሲ?» አልኳቸው።

«ሟርትህን ለራስህ! ማንም አልሞተ። የምንከራየው ቤት አገኘሁ እንጂ። የማአፉን ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ጋር የተያያዘውን። እሑድ ቃሌን ሰጠሁት፤ ዛሬ በዚህ ሰሌን ላጸናው እየሄድኩ ነው። አማቴ በእጇ የሠራችው ነው፣ ነፍሷን ይማረው።»

በእኛ ወግ ሰሌን ከተሰጠ ነገር አለቀ። ወረቀት ይቀደዳል፤ ሰሌን የሰጠ ሰው ግን ቃሉን ቢያጥፍ እስከ ልጅ ልጆቹ ድረስ ያፍሩበታል። «እንኳን ደስ አለዎት» ልል አፌን ስከፍት፣ ኦፌኢና የሆስፒታል ልብሷን እንደለበሰች፣ ልጇን ሲያሌን በእጇ ይዛ እያለከለከች ደረሰች።

«አባባ! እባክዎ ይቁሙ!»

«ቆሜያለሁ። የምትሮጪው አንቺ ነሽ።»

«እንመካከራለን ብለው አልነበር? ከሥራ ስገባ ሰሌኑ ከሣጥኑ የለም። በሞቴ፣ እንዲህ ይደረጋል?»

«ሁለት ሳምንት ተመካከርን። ምክር ጣራ አይሆንም፤ ልጅቱም ያለ ትምህርት ተቀምጣለች» አሉ ወደ ሲያሌ እያዩ።

ሲያሌ ሰባት ዓመቷ ነው። በሕፃንነቷ የያዛት ትኩሳት ጆሮዋን ጎድቶታል። በሁለቱም ጆሮዎቿ ትንንሽ ማዳመጫ አድርጋ በጸጥታ ቦታ ያወሩትን ትሰማለች፤ ጫጫታ ሲበዛ ግን መሣሪያው ጫጫታውንም አብሮ ስለሚያጎላው ሁሉም ይደበላለቅባታል። የዚህ ሁሉ ክርክር መነሻ ይህች ልጅ ነበረች። ሽማግሌውም እሷን ከዓይናቸው ብሌን አብልጠው ይወዷታል፤ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ክፋት በዚህ ቤት የለም።

«አባባ፣ ትምህርት ቤቱ ከማአፉ ቤት ማዶ ነው» አለች ኦፌኢና። «መሐሉ አውራ ጎዳና ነው። የእግረኛ መንገድ እንኳን የለውም።»

«ልጄ፣ ሰፈር ማለት ሰው ነው። መንገድ ይታረሳል፣ ቤት ይፈርሳል፤ ሰው ግን ሰው ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላሉ፤ እኔ ዘመዱንም ጎረቤቱንም ባንድ አጥር አገኘሁ። መዘምራኑ እዚያ፣ አርብ ማታ የካቫ መጠጥ ማኅበሩ እዚያ። ሚልዱራ ሦስት ዓመት ጎረቤቴን ያናገርኩት በእጄ ነው፣ እንደ ጦጣ! አንቺ ሥራ ስለምትውዪ ያንን አላየሽም። ስሞትስ ማን ቆሞ ይዘምርልኝ?»

ኦፌኢና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አውቃለሁ አባባ። ብቻዎን እንደነበሩ አውቃለሁ። ግን እኔ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ እገባለሁ፣ ባሌም ሩቅ ማዕድን ማውጫ ነው የሚሠራው። ያንን መንገድ የሚያሻግራት ማን ነው?»

«እኔ! ደግሞስ የምን መንገድ? እሑድ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ዶሮ ከነጫጩቶቿ ብትሻገር የሚነካት አልነበረም!»

«እሑድ ነው ያሉኝ?» አልኩ እኔ።

«ታዲያ መቼ ሊሆን ኖሯል?»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። እኛ ቶንጋዎች ሁሉን ነገር የምናየው በእሑድ ነው። ሙሽራ የምናየው እሑድ፣ ቤት የምናየው እሑድ። አገር ቤት እሑድ ሱቁ ዝግ፣ እርሻው ዝግ፣ ባሕሩም ዝግ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰው ታጥቦ፣ ምግቡ ከጉድጓድ ምድጃው ወጥቶ፣ ዓለም ጸጥ ይላል። ያንን ጸጥታ ይዘን ባሕር ተሻግረን መጣንና፣ ሳምንቱ ስድስት ሌላ ቀን እንዳለው ረሳን።

«ጋሽ ሴሚሲ፣ ይስሙኝ። እኔም ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ቤት የመረጥኩት በእሑድ ነው። ገነት መስሎኝ ነበር። ለካ ከጓሮው ጋራዥ ኖሯል! ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ብረት ይቀጠቀጣል። እኔ ትምህርት ቤት ስውል ባለቤቴ ላቪኒያ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዘጠኝ ዓመት ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ወትፋ ኖረች። አንድም ቀን አላማረረችም፤ ባሌ ያፍራል ብላ። የሰማሁት ከሞተች በኋላ ከእህቷ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።»

ሽማግሌው ሰሌኑን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። «የአንተ ጥፋት በእኔ ላይ አይፈረድም» አሉ፣ ግን ድምፃቸው ለስልሷል።

«አይፈረድም። አሁን ግን ስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትምህርት ቤት ይለቀቃል። አብረን እንሂድና እንየው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«እሺ፣ እንሂድ! መንገዱ እንዳልኩት ከሆነ ግን ይህን ሰሌን ራስህ ላይ ተሸክመህ ማአፉ በር ታደርሳለህ፤ ሰውም ያይሃል።»

«ተስማምቻለሁ» አልኩ፤ የአንገቴ ሕመም ትዝ ያለኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ወርደን ሃምሳ እርምጃ ሳንራመድ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደ ወደቡ የሚወርደው፣ ከካባው ድንጋይ ጭኖ የሚመጣው፣ ሲሚንቶ የሚያመላልሰው የጭነት መኪና ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ኖሯል። ኦፌኢና አንድ ነገር ብትለኝ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ቃሉን አልሰማሁም። ጋሽ ሴሚሲ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ግቢው ገቡና በረንዳው ላይ ቆሙ።

«ጫጫታ ነው!» ብለው ጮኹ። «ጫጫታ ሰው አይበላም! እኔ ከዚህ እጠራታለሁ። ድምፄን ታውቀዋለች!»

ይህ ጉራ አልነበረም። የጋሽ ሴሚሲ ወፍራም ድምፅ በመዘምራኑ መካከል ሲወጣ የቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ይርገበገባል። ሲያሌ በአጥሩ በር አጠገብ፣ ጀርባዋን ሰጥታ በእንጨት አፈር ትጭር ነበር፤ ከበረንዳው አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው።

«ሲያሌ!» አሉ።

ልጅቱ አፈሯን ትጭራለች።

«ሲያሌ! ነይ ወደ አያትሽ!»

በዚህ መሐል አንዲት ድመት በበሩ ሾልካ ወጣች። ሲያሌም ተነሥታ ተከተለቻት፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ ከበሩ ውጭ። ድንጋይ የጫነ መኪና ጥግ ጥጉን ይመጣል። ሦስተኛው ጥሪ ጥሪ አልነበረም፣ ጩኸት ነበር፤ ሽማግሌው ሰሌኑን ጥለው ከደረጃው ዘለሉ። ኦፌኢና አጠገቧ ስለነበረች ትከሻዋን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻት። ሲያሌ እናቷን ቀና ብላ አይታ ሳቀች። ምንም አልሰማችም ነበር፤ አያቷንም፣ መኪናውንም።

ጋሽ ሴሚሲ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

«አልሰማችኝም» አሉ።

«አልሰማችዎትም አባባ» አለች ኦፌኢና። «ነግሬዎት ነበር» ልትል ትችል ነበር፤ አላለችም። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እኔ አሻግራታለሁ አልኩ። ሦስት ቀን ባሻግራት፣ አራተኛው ቀን ቢያመኝስ? እንቅልፍ ቢጥለኝስ?» ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። «ግን ቃሌስ? ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ማአፉን ምን ብዬ አየዋለሁ?»

«ቃል የሰጡት ጸጥ ላለው ቤት ነው» አልኩ። «ያ ቤት ያለው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ስድስቱን ቀን የለም።»

ማአፉ በጓሮ ካለው ቤቱ ጫጫታችንን ሰምቶ ውሃ ይዞ መጣ። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ነው፣ ደግ ሰው። ጋሽ ሴሚሲ ተነሥተው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩት። ማአፉ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እሱ ራሱ አፈረ።

«ጋሽ ሴሚሲ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ልጆቼን በመኪና ነው የማደርሳቸው፤ ጫጫታውንም ከለመድኩት ቆየሁ። የትንሿን ጆሮ ነገር ማሰብ ነበረብኝ። እርስዎ ሲደሰቱ ሳይ ደስታዎን ማበላሸት ከበደኝ። ቤቱን የወደብ ሠራተኞቹ ላጤዎች ሲለምኑኝ ከርመዋል፤ ለእነሱ ይሆናል። እርስዎን ግን አንለቅዎትም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሚኒባስ አርብ ማታና እሑድ ጠዋት ከየትም ሰፈር ያመጣዎታል።»

ሽማግሌው ሰሌኑን ከመሬት አንሥተው አቧራውን አራገፉና በሁለት እጃቸው ሰጡት።

«ምነው፣ ቤቱ ቀርቶ?»

«ለቤቱ አይደለም። እውነቱን ስለነገርከኝ ነው። ያዝ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስነግራችሁ እየሳቅሁ ነው። ጋሽ ሴሚሲ ያመኑ ዕለት እንደ አዲስ ሰባኪ ሆኑ! ኦፌኢና ሦስት ሰፈሮች መርጣ ነበር፤ እያንዳንዱን ሰኞ ጠዋት ሰው ሥራ ሲወጣ፣ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ልጆች ሲለቀቁ፣ ቅዳሜ ማታ ጎረምሳው ሲጨፍር አዩት። አንዱን ዝናብ በጣለ ማግስት ሄደው፣ ውሃ ከደጃፉ ተኝቶ ቢያገኙት ጫማቸውን ሳያወልቁ ተመለሱ። እኔን አስተርጓሚ አድርገው የማያውቁትን ሰው በር ያንኳኳሉ። «ውሻችሁ ይናከሳል ወይ በልልኝ። ሌሊት የሚሰክር ጎረቤት አለ ወይ በልልኝ።» በሁለተኛው ሰፈር ቤቱ ያማረ፣ ሣሩ የታጨደ ነበር። ሽማግሌው ግን ግማሽ ሰዓት ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን ጎደለው?» አለች ኦፌኢና።

«አንድ ልጅ ውጭ ሲጫወት አላየሁም። ልጅ የማይታይበት ሰፈር ወይ ልጅ የለው፣ ወይ ልጅ ይፈራበታል።»

ይህን እኔ በሠላሳ ዓመት ማስተማር አልደረስኩበትም። ሦስተኛውን ወሰዱ፤ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ማድ ቤቱም ያረጀ ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቱ በዚያው ወገን ነው፤ መንገድ ሳይሻገሩ በእግረኛ መንገድ ይደረሳል። ሐኪም ቤት ቅርብ ነው፣ ጥላ ያለው የልጆች ሜዳ አለ፣ ባቡሩም ኦፌኢናን ሥራዋ ደጃፍ ያወርዳታል። እነሆ ዓመት ሞላቸው። ሲያሌ ጸጥታ አግኝታ የሚሏትን ስለምትሰማ ወሬኛ ወጥቷታል። እናቷ ሆስፒታል ሆና ልቧ አይሰቀልም። በአጥሩ ማዶ ያለችው የቬትናም ሴት በቋንቋ ሳይግባቡ ከሽማግሌው ጋር ችግኝ ትለዋወጣለች።

አዲስ ከተማ የምትገቡ ሁሉ፣ የእኔን የመምህር ፊናውን ምክር ስሙ፦ ቤት ከመምረጣችሁ በፊት ሰፈሩን ምረጡ፤ ሰፈሩንም ልጃችሁ በምትሄድበት ሰዓት፣ ልጃችሁ በምትሄድበት እግር ሂዱበት። በቤቱ ከሚኖሩት ደካማው ማን እንደሆነ አስቡና በእሱ ጆሮ ስሙት። ዘመድ በሳምንት ሁለት ቀን ይጠየቃል፤ መንገድ ግን በየቀኑ ይሻገሩታል።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄጄ ከአጥራቸው በር ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ትምህርት ቤት ሊለቀቅ ነው።

«እውነቱን ይንገሩኝ ጋሽ ሴሚሲ፣ አይቆጭዎትም?»

«ልዋሽህ? ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይጨንቀኛል። ማታ ማታ በቋንቋዬ የሚያወጋኝ እኩያ አጣለሁ» አሉ። «ግን መምህር፣ ብቸኝነት ሲመጣብኝ እኔ እሰማዋለሁ። ስልክ አለኝ፣ ላንተ እደውላለሁ። እሷ የሚመጣባትን አትሰማም ነበር።»

ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ራት ሲበሉ ይደውላሉ። እኔም ብቻዬን ነው የምበላው፤ አንድም ቀን ሳላነሣ ቀርቼ አላውቅም።