የብራዚል ቤት ምሳ

(ቦሌ፣ በአንድ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የብራዚል ምግብ ቤት፤ እሁድ ምሳ ሰዓት። በርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ አስካለ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው ሜላት ደግሞ ከጎናቸው፣ ከጠረጴዛው መውጫ በኩል።)

አስካለ፦ ተነሺልኝ ልለፍ ብያለሁ!

ሜላት፦ እማዬ፣ ገና እኮ ነው። ቁጭ በይ።

አስካለ፦ ምኑ ነው ገና? ሆዴ እዚህ ደርሷል። ያ ልጅ ደግሞ ይኸው ሥጋ የሰካበትን ጎራዴውን ይዞ ተመልሶ መጣ። በቃኝ አልኩት፣ ሳቀ። ስለ እግዚአብሔር በቃኝ አልኩት፣ ጨመረልኝ። እዚህ ቤት በቃኝ ማለት ስድብ ነው እንዴ?

ሜላት፦ በአፍ አይደለም የሚባለው። ይቺን ክብ ካርቶን አየሻት? አረንጓዴው ፊቷ ወደ ላይ ከሆነ አምጡ ማለት ነው። ቀዩ ከሆነ በቃኝ ማለት ነው።

አስካለ፦ ታዲያ ገልብጫታ!

ሜላት፦ ትንሽ ቆይ።

አስካለ፦ ስጪኝ እኔ ልገልብጣት። ምን እጅሽን ትጭኚባታለሽ?

ሜላት፦ አናናስ ይመጣል። እሳት ላይ የተጠበሰ፣ ቀረፋ የተነሰነሰበት። እሱን ሳትቀምሺ አትሄጂም።

አስካለ፦ አናናስ ይጠበሳል? ጉድ እኮ ነው! ሥጋውን በጨው ብቻ ጠብሰው ቀረፋውን አናናስ ላይ ያባክኑታል። ዕድሜዬን ሙሉ በርበሬ ሳስፈጭ ኖሬ ሥጋ በጨው ብዪ ተባልኩ።

ሜላት፦ ከቦርሳሽ ሚጥሚጣ አውጥተሽ አይደል እንዴ የበላሽው?

አስካለ፦ ይዤ ባልመጣ ምን ይውጠኝ ነበር! ያ አስተናጋጅ ራሱ በጣቱ ነካ አድርጎ ቀምሶ እንባው መጣ። ያ የዶሮው ልብ ደግሞ? አንድ ብረት ላይ የአንድ ሰፈር ዶሮ ልብ ተሰክቶ! ለመሆኑ ሥጋውን ማን ነው የባረከው?

ሜላት፦ ጠይቄያለሁ፤ የክርስቲያን ነው። አሳማም የለበትም። ከባቄላው ውስጥ አውጡልኝ ብዬ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ።

አስካለ፦ አስቀድመሽ? መቼ መጥተሽ?

ሜላት፦ ቢሮዬ እዚሁ ሕንፃ ላይ አይደል? ስወርድ ነገርኳቸው።

አስካለ፦ እድገት አገኘሁ፣ ላብላሽ አልሽኝ። እሰየው ብዬ መጣሁ። ይኸው በላሁ፣ መረቅሁ። አሁን ተነሺ። ደግሞ ዓይንሽ መስኮቱ ጋ ምን ፈለገ?

ሜላት፦ የኔ ዓይን? የትም አልሄደ።

አስካለ፦ ከመጣን ጀምሮ አንገትሽን ታዞሪያለሽ። መነጽሬ የታለ?

ሜላት፦ እማዬ፣ ይሄን ዱቄት ቅመሺው። ከካሳቫ ነው የሚሠሩት። በቅቤ አምሰው ሥጋው ላይ...

አስካለ፦ አምጪ መነጽሬን! እ... ያ ጋቢ የለበሰው ማነው? እዚህ ፎቅ ላይ፣ በዚህ ሁሉ ሱፍ ለባሽ መሃል፣ ጋቢ?

ሜላት፦ ብዙ ዓይነት ሰው ይመጣል።

አስካለ፦ ማጅራቱን የት ነው የማውቀው? ሻለቃ አያልነህ አይደለም? ከጎኑ ጋሽ ወርዶፋ። ነጭ ጥምጥሙስ... በስመ አብ! መምሬ ላቀው ናቸው! የነፍስ አባቴ ብራዚል ቤት ምን ሊሠሩ መጡ?

ሜላት፦ ምሳ እየበሉ ነዋ።

አስካለ፦ ሜላት።

ሜላት፦ አቤት።

አስካለ፦ ዓይኔን እዪኝ። ሽማግሌ ናቸው።

ሜላት፦ ዱቄቱን አልቀመስሽውም እኮ።

አስካለ፦ የደምሰው ሽማግሌዎች ናቸው። ለዚያ ለልጁ ለያፌት አንቺን ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። አንቺ ነሽ የጠራሻቸው።

ሜላት፦ ምን ላድርግ እማዬ? ቤት መጡ፣ ከውስጥ ቆልፈሽ ትንፋሽሽን ዋጥሽ። ሌላ ቀን መጡ፣ አሞኛል ብለሽ ተጠቀለልሽ። ከዚያ ደግሞ በጓሮ ዞረሽ እነ እትዬ ሙሉነሽ ቤት ገባሽ። መምሬን የሚያክሉ ሰው በር ላይ ፀሐይ ሲበላቸው እኔ አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ።

አስካለ፦ ደግ አደረግሁ!

ሜላት፦ እኔም እዚህ አመጣሁሽ።

አስካለ፦ በጥጉ በኩል ተቀመጪ፣ አየር ታገኛለሽ ስትይኝ... አየር! ልጄ ለእናቷ አሰበች ብዬ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩልሽ እኮ። ሌላ በር የለውም ይሄ ቤት?

ሜላት፦ በወጥ ቤቱ በኩል አለ። ሠራተኛ ብቻ ነው የሚያልፈው።

አስካለ፦ መጸዳጃ ቤት ልሂድ።

ሜላት፦ እሱም በእነሱ በኩል ነው። ብታልፊም የመምሬን መስቀል ሳትሳለሚ አታልፊም። ከተሳለምሽ ደግሞ እንዴት ዋልሽ ብለው ሊያስቆሙሽ ነው።

አስካለ፦ በቁሜ ቀበርሽኝ! ልጅ ወልዶ እንደ አይጥ መጠመድ! ቆይ፣ ያ አናናስ የያዘው ልጅ መጣ። አይ፣ አልፈልግም የኔ ልጅ። አመሰግናለሁ፣ አልፈል... ይኸው ቆርጦ ጣለው።

ሜላት፦ ሳህንሽን እኮ ዘረጋሽለት።

አስካለ፦ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ምን ልበለው? ...ይጣፍጣል ደግሞ፣ የማይረባ።

ሜላት፦ እማዬ፣ ስሚኝ። ያፌት ምን አደረገሽ? አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እሱን ላለማየት የግፊት መድኃኒትሽን እንኳ ሳሪስ ድረስ ሄደሽ ነው የምትገዢው። የእሱ መድኃኒት ቤት ደጃችን ላይ ሆኖ!

አስካለ፦ ልጁ ምንም አላደረገኝም። አባቱ ነው። አባትሽ የሞተ ቀን ረሳሽው? የእድሩ ሰብሳቢ ማን ነበር? ደምሰው። ድንኳኑስ የት ነበር? የእህቱ ልጅ ሰርግ ላይ! ለሰርግ ሰጥቶ፣ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ዝናብ ሲወርድበት፣ የአባትሽ ሬሳ ላይ ላስቲክ ደርበን... እኔ እዚያው ላይ ምያለሁ። ደምሰው የሚባል ሰውም፣ እሱ የላከውም ደጄን አይረግጣትም ብዬ በአባትሽ አጽም ምያለሁ።

ሜላት፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው እዚህ ያመጣሁሽ።

አስካለ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ሜላት፦ ደጄን አይረግጣትም ነው ያልሽው። ይሄ ደጅሽ አይደለም። የብራዚሎች ደጅ ነው። መምሬንም ጠይቄያቸዋለሁ፣ መሐላው አይፈርስም ብለውኛል።

አስካለ፦ ነፍስ አባቴን አስመከርሽብኝ! ይሄ ተንኮል ከማን ወጣ? አባትሽ የዋህ ነበር።

ሜላት፦ ከአንቺ ነዋ።

አስካለ፦ አትሳቂ! ነገር ነው የማወራሽ።

ሜላት፦ ጋሽ ደምሰው ደግሞ ለአርባው መጥቶ ደጅ ላይ ተንበርክኮ ነበር። ድንጋይ ተሸክሞ። አልከፈትሽለትም።

አስካለ፦ ድንጋዩ ትንሽ ነበር።

ሜላት፦ እማዬ!

አስካለ፦ በቀዳዳ አይቼዋለሁ። በአንድ እጅ የሚያዝ ድንጋይ ነው። እሺ፣ ይሁን። አግብተሽስ የት ልትኖሪ ነው?

ሜላት፦ ከአስፋልቱ ማዶ። ጣሪያው ከእኛ ጓሮ ይታያል።

አስካለ፦ ማዶ። ማታ ማታ በሩን ማን ይቆልፋል?

ሜላት፦ አንቺ ነሽ የምትቆልፊው። እኔ ነክቼው አላውቅም። ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነው።

አስካለ፦ ሌባ የበዛበት ጊዜ ነው።

ሜላት፦ ሌባ ገብቶ አያውቅም። ሌላ ሰውም ገብቶ አያውቅም። እማዬ፣ አሁን ምን ያህል ጊዜ ልለፍ ልለፍ አልሽኝ? አንድ ምሳ ብዘጋብሽ ግድግዳውን ልትንጂው ደረስሽ። እኔስ? ከሥራ አምስት ደቂቃ ስዘገይ መንገድ ላይ ቆመሽ አገኝሻለሁ። ስልኬ ሲጮህ ማነው ትያለሽ። ጓደኞቼ ወልደው ልጅ ትምህርት ቤት አስገብተዋል፣ እኔን ሰፈሩ አሁንም "የአስካለ ልጅ" ነው የሚለኝ። የምወጣበት በር የት እንደሆነ አሳዪኝ እስቲ።

አስካለ፦ እጁን ይዘሽ ጠፍተሽ ብትሄጂ ማን ይይዝሻል? ስንቷ ሄዳ የለም እንዴ?

ሜላት፦ ሳትመርቂኝ የትም አልሄድም። ታውቂዋለሽ። ስለምታውቂው ነው በሩን የምትቆልፊው።

አስካለ፦ ...ውሃ አቀብዪኝ።

ሜላት፦ ይኸው።

አስካለ፦ ሻለቃ ምን ሆነው ነው የሚያልባቸው?

ሜላት፦ የት?

አስካለ፦ ያውልሽ፣ በመሐረብ ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። ቀበቶም ፈቱ መሰለኝ። ጋሽ ወርዶፋ ሳህኑ ተራራ አክሏል። መምሬም... ይሄ ስንተኛው ብረት ነው የሚቀርብላቸው?

ሜላት፦ ወይኔ! ካርቶኑ!

አስካለ፦ አረንጓዴ ነው። ከዚህ ይታየኛል።

ሜላት፦ ነግሬያቸው ነበር እኮ! ለስላሳ ብቻ ይዛችሁ ጠብቁኝ፣ እማዬ ቀልቧ ሲመለስ ምልክት እሰጣችኋለሁ፣ ያን ጊዜ ትመጣላችሁ ብያቸው ነበር። ካርቶኑን ገልብጡ ስላቸው ሻለቃ "ጎንበስ ብሎ የሚያቀርብልህን ልጅ በካርቶን እምቢ ይሉታል?" ብለው ተቆጡኝ።

አስካለ፦ እና እያንዳንዱን ተቀበሉ?

ሜላት፦ አስተናጋጁ ሲመጣ "አይ፣ አይሆንም" ይላሉ። እሱ ይስቃል፣ ይቆርጥላቸዋል። ከዚያ ትቶ መነሳት ነውር ይሆንባቸዋል።

አስካለ፦ ሃ! ሃ ሃ! ጉድ ፈላ! ሜሉዬ፣ አለቀልሽ በቃ።

ሜላት፦ ምኑ ነው ያለቀው?

አስካለ፦ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እህል ይቀምሳል? በየትኛው አገር ነው የታየው? ጠይቆ፣ መልስ ሰምቶ፣ ከዚያ ነው ብሉልን የሚባለው። እነዚህ ገና ሳይጠይቁኝ በሬ ጨረሱ! መምሬ ራሳቸው ይመስክሩ። ከእንግዲህ በምን አፋቸው ነው የሚለምኑኝ? በቅባቱ?

ሜላት፦ ይሄን ሰበብ ልትይው ነው?

አስካለ፦ ሰበብ አይደለም፣ ወግ ነው። እኔ አልጣስኩትም፣ እነሱ ናቸው የጣሱት። ሂጂና ወደየቤታችሁ ግቡ፣ አርፋችሁ ተኙ በያቸው።

ሜላት፦ እሺ።

አስካለ፦ ምን እሺ?

ሜላት፦ እሺ እማዬ። ይኸው፣ ተነሳሁልሽ። እለፊ።

አስካለ፦ የት ልትሄጂ ነው?

ሜላት፦ መምሬን ልነግራቸው። እናቴ አልሆነም ብላለች፣ በከንቱ አደከምኳችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ እላቸዋለሁ። ለያፌትም ዛሬውኑ እነግረዋለሁ። ከዚያ አብረን ቤት እንሄዳለን።

አስካለ፦ ትቀልጃለሽ።

ሜላት፦ አልቀልድም። ነገ የበርበሬ ዛላ እናሰጣለን ብለሽ የለ? ከሥራ ቀደም ብዬ እመጣለሁ። ለቀማውንም እኔ እይዝልሻለሁ፣ ወገብሽን አሞሻል።

አስካለ፦ እንዲህ አትናገሪኝ።

ሜላት፦ ምን አልኩሽ?

አስካለ፦ እንዲህ ለስለስ ብለሽ አትናገሪኝ። ጩኺብኝ። ስትጮሂብኝ ነው የማውቅሽ።

ሜላት፦ መጮህ ደከመኝ።

አስካለ፦ ፊትሽ ምን ሆነ?

ሜላት፦ ምንም አልሆነም። ሂጂ እንጂ እማዬ፣ መንገዱ ክፍት ነው። እኔ እነሱን ሳነጋግር በጀርባቸው በኩል ውጪ፣ አያዩሽም። አሳንሰሩ በስተግራ ነው።

አስካለ፦ አይቼዋለሁ።

ሜላት፦ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?

አስካለ፦ ...ነጠላዬን አቀብዪኝ።

ሜላት፦ እንካ። ወንበሩን ልሳብልሽ?

አስካለ፦ አትሳቢው። ይሄ አገጬ ላይ ምንድነው፣ ቅባት ነው? ጥረጊልኝ። እንዲህ ሆኜ መምሬ ይዩኝ?

ሜላት፦ በጀርባቸው ውጪ አልኩሽ እኮ። ማንም አያይሽም።

አስካለ፦ ማን ነው እወጣለሁ ያለሽ?

ሜላት፦ እማዬ?

አስካለ፦ ሂጂና ይነሱ በያቸው። የኔን ልጅ ቁጭ ብሎ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። እዚህ ፊቴ መጥተው፣ ቆመው ይለምኑኝ።